ሉዋም ከጓዳ የወጣችበት ቀን

አይሱዙው ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ የመንደሩ መግቢያ ላይ ሲቆም፣ አይናዲስ የብፌዋን አንድ ጫፍ ይዛ ከሁለት ጫኝና አውራጆች ጋር ቁልቁል እየወረደች ነበር። "እትዬ፣ ይልቀቁት፤ እኛ እንበቃለን" ይሏታል። አለቀቀችም። አርባ ሁለት ዓመት ከኖረችበት ቤት ባዶ እጇን መውጣት አልሆነላትም።

በዚያ በመጋቢት 2016 ማለዳ ዶሮ ማነቂያ ግማሹ ሜዳ ሆኗል። ከላይ በኩል ያሉት ቤቶች ከወረዱ ሦስት ቀናቸው ነው። ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች ላይ የሰው ጓዳ ተገልጦ ይታያል፤ በጋዜጣ የተለበጠ ጭቃ፣ የአልጋ ራስጌ ሲነካካው የወዛ ቦታ፣ ልጆች ቁመታቸውን በእርሳስ ያሰመሩበት መቃን። ከታች በኩል ያልፈረሰላቸው ደግሞ ዕቃ ያወጣሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ስልክ ይጻጻፋሉ። "የት ደረሰህ?" ይባባላሉ። መልሱ ሁልጊዜ ሩቅ ነው።

ብፌውን አስጭና ስትመለስ፣ የግድግዳ ጎረቤቷ ተክላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ከማፍረሱ ሥራ አስተባባሪ ጋር ሲከራከር አገኘችው። ተክላይ ሰባ ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስታማሚ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ጫማውን ሳይቦርሽ ደጅ የማይታይ ሰው። ያን ዕለት ባዶ እግሩን ነበር።

"የፊተኛውን ክፍል ጀምሩ" ይላል። "ጓዳዋን ብቻ እስከ ማታ ተዉልኝ።"

"አባባ፣ ዶዘሩ ሰባት ሰዓት ላይ ይገባል። ማታ የሚባል ነገር የለም። ጓዳው ውስጥ ምን አለ? ልጆቹ ያውጡልዎት።"

"ምንም የለም።"

"ምንም ከሌለማ ምን ያስጨንቅዎታል?" ብሎ አስተባባሪው ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ተክላይ ቀና ሲል ከአይናዲስ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ እሷ ታውቃለች። ከተክላይ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ጓዳው ውስጥ ያለችው ሉዋም ናት፤ የተክላይ አንድ ልጁ። መንደሩ የሚያውቀው ግን ዱባይ እንዳለች ነው። ስድስት ኪሎ በር ላይ ካሉት የኮፒ ቤቶች በአንዱ የተማሪ ጽሑፍ ትተይብና ታባዛ የነበረች፣ ሳቅ የማይለያት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አንድ ሰሞን እንቅልፍ አልወስድ አላት። ቀጥሎ ሥራዋን ተወች። ቀጥሎ በየካቲት 2014 አንድ ቀን ጠፋች፤ ተክላይም "ዱባይ ሄደች፤ ድንገት ነው የተሳካላት" ብሎ አወራ። ሰው ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ ባገኙት ቁጥር "ሉዋም እንዴት ናት? ተስማማት?" ይሉታል፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ከፊት ለፊት የምትኖረው ረይሀናማ ለእህቷ ልጅ ቪዛ እንድትፈልግላት በየሳምንቱ በእሱ በኩል ሰላምታና መልእክት ትልክ ነበር።

አይናዲስ እውነቱን የሰማችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የልብስ ቁልፍና ዚፕ ትሸጣለች፤ ያን ቀን አሟት በጊዜ ገብታ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች፣ ከግድግዳው ወዲያ የሰው ድምፅ ሰማች። ሁለቱን ቤቶች በሚለየው ግድግዳ ላይ ድሮ የመብራት ሽቦ ይተላለፍበት የነበረ ሦስት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጆሮዋን ደቀነች።

"ዛሬ ስንት ሆኛለሁ?" ይላል ድምፁ። "አራት ኪሎ ደርሰዋል?"

"ሉዋም?" አለች አይናዲስ።

ድምፁ ወደ ቀዳዳው ቀረበ። ከዚያ፦ "እትዬ አይናዲስ፣ ኮፒ አድርገውኛል። ማሽኑ ላይ አስተኝተው አባዙኝ። ፒያሳ ላይ የማያቸው በሙሉ እኔ ነኝ። በስሜ ይሰርቃሉ፣ በስሜ ያመነዝራሉ።"

"አንድ ነሽ፣ ልጄ" አለቻት አይናዲስ። "አንድ ብቻ ነሽ።"

እንዲህ ተጀመረ። ተክላይ ከሰዓት ወጣ ሲል አይናዲስ ቀዳዳው አጠገብ ትቀመጣለች። ዳቦ በቁራሽ በቁራሹ ታሳልፍላታለች፤ ሉዋም በኋላ ላይ አባቷ የሚሰጣትን መብላት ትታ ነበር፤ መድኃኒት በሻይ እየቀላቀለ እንደሚያጠጣት ደርሳበታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አይናዲስ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች ራሷን ስትጠይቅ የምታገኘው መልስ አንድ ነበር፤ ልጇ ራጉኤል።

ራጉኤል ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማር ነበር። በ1999፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ፣ የመንገድ መብራቶች ስሙን እየጠሩ እንደሚያናግሩት ተናገረ። አይናዲስ መጀመሪያ ጾመች። ቀጥላ ጸበል ወሰደችው፤ አራት ወር አብራው ጸበል ቦታ ከረመች። አልሆነም። ቤት ስትመልሰው እንዳይጠፋባት እግሩን ከአልጋው ብረት ጋር አሰረችው፤ ያኔ እንዲያ ነበር የሚደረገው፤ መንደሩም ሲያይ "አይዞሽ" ይል ነበር እንጂ ለምን ያለ የለም። በመጨረሻ ተክላይ መጣ። በመንደሩ ሰው "ሲነካ" የሚጠራው ተክላይ ነበር። ብዙዎቹ በሽተኞች ተደብድበውና ተጠፍረው በሚወሰዱበት ዘመን እሱ ሰው በገመድ አስሮ አያውቅም። በዚህ ይኮራል።

"ውሸት ከገመድ ይለሰልሳል" አላት። ራጉኤልንም "ዲኑ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል፤ ትምህርትህን ልትቀጥል ነው" አለው። ልጁ ተላጨ። የሟች አባቱን ኮት ለበሰ። በር ላይ ዞር ብሎ "እማዬ፣ ጸልዪልኝ" አላት። የት እንደሚሄድ እያወቀች ጉንጩን ሳመችው።

ከስምንት ወር በኋላ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ወፍሮ፣ ድምፁ ጠፍቶ ተመለሰ። መብራቶቹ ዝም ብለውት ነበር፤ በሽታው ለቆታል ማለት ይቻላል። መንደሩ ግን አለቀቀውም። ዕድር ሲቀመጥ የሥጋ መክተፊያው ቢላ ከአጠገቡ ይነሳል። አንድ ትምህርት ቤት ሊቀጥረው ከተስማማ በኋላ አንዱ "እዚያ የነበረ ነው" ብሎ ነገራቸው፤ ቀረ። ይህን ሁሉ አይናዲስ በቻለችው ነበር። ያልቻለችው ሌላ ነው። ራጉኤል ሆስፒታል ከገባበት ቀን ጀምሮ "አንቺ" ብሏት አያውቅም። "እርስዎ" ይላታል። "እርስዎ አይቸገሩ።" "እርስዎ ይብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ።" አምስት ዓመት እንዲህ ኖሮ ሳንባውን ታሞ ሞተ። ሊሞት ሲል ውኃ ስትሰጠው እንኳ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ይተኙ" ነው ያላት።

በነዚያ ዓመታት ራጉኤልን የማትፈራው የጎረቤት ልጅ ሉዋም ብቻ ነበረች። ደብተሯን ይዛ ትመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እሱም በሚንቀጠቀጥ እጁ ሒሳብ ያስረዳታል። አይናዲስ ስለዚህ ነው በቀዳዳው ዳቦ ያሳለፈችው። ስለዚህም ነው ለማንም ያልተናገረችው። ሉዋምም እዚያ ገብታ ስትወጣ ምን ሆና እንደምትወጣ የምታውቅ መሰላት።

አሁን ተክላይ ባዶ እግሩን ወደ እሷ መጣ።

"አይናዲስ፣ አንቺን ትሰማሻለች" አለ። አጉተመተመ እንጂ አልተናገረም ማለት ይቀላል።

"ማወቄን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከመጀመሪያው። ቀዳዳውን መድፈን አቅቶኝ መሰለሽ?"

አይናዲስ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ብቻ ነበር የሚለዋወጡት። "ሰው ሁሉ ልጁን ሆስፒታል እንዲወስድ ስትመክር ኖረህ" አለችው። "የኔን ልጅ ከእጄ ወስደህ። የራስህን ግን ጓዳ!"

"ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ነው" አለ። "ሲገቡ አይቻለሁ፤ ሲወጡም አይቻለሁ። ሆስፒታሉ አያስፈራኝም፤ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ከተሻላቸው በኋላ ነው የማይሆነው። 'እዚያ የነበረች' ከተባለች ማን ያገባታል፣ ማን ይቀጥራታል፣ ማን ልጁን ያስይዛታል? መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። እኔው አድናታለሁ አልኩ። ስትድን ከዱባይ መጣች ይባላል፤ ሻንጣ ገዝቼላት ነበር። አልዳነችም፣ አይናዲስ። መድኃኒቱን መውሰድ ከተወች ሰባት ወር ሆኗት። አሁን ግድግዳው ሊወርድ ነው።"

"ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?"

"ወደ አዲሱ ቤት ነው የምንሄደው በያት። ካንቺ ጋር ትወጣለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ የቀረውን እኔ አውቃለሁ።"

"አልዋሻትም።"

"አይናዲስ..."

"ከገባሁ እውነቱን ነው የምነግራት። ካልፈለግህ አልገባም።"

ተክላይ በሩን ተደገፈ። ከላይ በኩል ቆርቆሮ ሲነቀል ይንኳኳል። ከዚያ ከአንገቱ ላይ በክር የታሰረ ቁልፍ አወጣ።

ጓዳው መስኮት የለውም። ሁለት እርምጃ በሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ፍራሽ፣ ባልዲ፣ ከላይ አንዲት አምፖል። ግድግዳው ላይ በጥፍር የተጻፈ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር። ሉዋም ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ፀሐይ ያላየ ፊቷ ወረቀት መስሏል፤ ፀጉሯን ተክላይ በመቀስ አሳጥሮታል። አይናዲስ በቀዳዳው ያላየችውን አሁን አየችው። በቀኝ እግሯ ሰንሰለት አለ። ቁርጭምጭሚቷን እንዳይልጣት ሰንሰለቱ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል፤ ነጠላው የሟች እናቷ የምብራት ነበር። አይናዲስ ጥለቱን ለየችው።

"እትዬ አይናዲስ" አለች ሉዋም። "ሸበትሽ እኮ!"

ከራጉኤል መሞት ወዲህ ከልጆች ሁሉ "አንቺ" የምትላት ሉዋም ብቻ ነበረች። አይናዲስ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ሉዋም፣ ዛሬ ቤቱ ይፈርሳል። የኔም፣ የናንተም፣ መንደሩ በሙሉ። ካንቺ ጋር የምንሄደው ሆስፒታል ነው። አባትሽ የሠራበት። አሞሻል፤ እዚያ ያክሙሻል። አልዋሽሽም።"

ሉዋም አባቷን አላየችውም። አይናዲስን ብቻ ነበር የምታየው። "ማሽን አላቸው?" አለች ቀስ ብላ።

"የለም።"

"አንቺ አታውቂም። እሱ ነው የሚያውቀው።" ጣቷን ወደ አባቷ ቀሰረች። "ኦርጅናሏ እኔ ነኝ፣ እትዬ። እስካሁን ደብቄ ያቆየኋት። ኦርጅናሏን ካስረከብኳቸው ምን ይቀራል?"

"ጓለይ" አለ ተክላይ በትግርኛ፣ "አይዞሽ፣ ልጄ" ለማለት። "አጆኺ፣ ጓለይ።"

"አልሄድም።"

"ሉዋም፣ ልጄ..."

"እውነቱን ነገርሽኝ፤ ሰማሁሽ። አልሄድም።"

አይናዲስ እውነቱን ከተናገረች በኋላ ምን እንደሚመጣ አላሰበችም ነበር። ለራጉኤል ቢነገረው ኖሮ ይሄድ ነበር፣ ይቅርም ይላት ነበር ብላ አሥራ ሰባት ዓመት ስታስብ ኖራለች። አሁን እውነቱ ተነግሮ አለቀ።

ያኔ ግድግዳው ተመታ። የአይናዲስ ቤት ባዶ ስለሆነ ሠራተኞቹ ጣሪያውን ገፍፈው ከዚያ በኩል ጀምረው ነበር። የመጀመሪያው የድጅኖ ምት ጭቃውን አረገፈው፤ ሁለተኛው ቀዳዳዋን በረገዳት፤ ሦስተኛው ላይ ግማሽ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ፀሐይ እንዳለ ገባ። ሉዋም ሁለት ዓመት ያላየችው ብርሃን ፊቷ ላይ ሲወርድ ዓይኗን በክንዷ ከልላ ጮኸች። ልትሮጥ ተነሳች፤ ሰንሰለቱ መልሶ ጣላት።

ድጅኖ የያዙት ሰዎች እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አቧራው ሲረግብ ዕቃ የሚያወጣው ሰው ሁሉ በፈረሰው በኩል ተሰብስቦ ነበር። የታየው አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ባልቴት፣ በመሐላቸው ደግሞ በእግሯ የታሰረች ልጅ ናት።

"ሉዋም አይደለችም እንዴ?" አለ አንዱ።

"ዱባይ ለካ በዶሮ ማነቂያ በኩል ነው የሚኬደው!" አለ ሌላው፣ ወጣት። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም።

ረይሀና ወደ ፊት መጣች። ጭኗን በእጇ መታች። "ጋሽ ተክላይ፣ የኔን ሰላምታ ለማን ነበር የምታደርሰው?" አለችው። መልስ አልጠበቀችም፤ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ተመለሰች።

ተክላይ ተንበርክኮ ጓጉንቸሩን ከፈተ። ሰንሰለቱ ሲወልቅ ሉዋም ዘላ ተነሳች፤ የፈረሰውን ግድግዳ ተሻግራ ሰዉ መሐል ገባች። ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሸሹ። አንዱን ሰው ነከሰችው፤ ሌላው በጥፊ መታት፤ "ኧረ ያዟት! እብድ ናት!" ተባለ። ጫኝና አውራጆቹ ብፌ የሚያስሩበትን ገመድ ይዘው መጡ። ሦስት ሆነው መሬት ላይ አስተኝተው እጇን ወደ ኋላ ጠፈሩት።

"በገመድ አይደለም!" ይጮኻል ተክላይ። "ልጄን በገመድ አይደለም!"

የሰማው የለም። ሰዎቹ ሲነሱላት አጠገቧ ተቀመጠና እጇን አየው፤ ጣቶቿ መጥቆር ጀምረዋል። ገመዱን ፈታው። ሁሉም ሊያስመልጣት ነው ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን እጆቿን ወደ ፊት አምጥቶ፣ በገመዱና በሥጋዋ መሐል ሁለት ጣቱን አሳልፎ ልክ መሆኑን እየለካ፣ ደም የማያቆም ቋጠሮ ራሱ አሰረ። ሆስፒታል በጨርቅ ሲያስር እጁ የለመደው ሥራ ነበር። ሲያስር እንባው ገመዱ ላይ ይወርዳል።

ኪሮስ የተባለው የአይሱዙ ሾፌር የሁለቱንም ቤት ዕቃ ሊያደርስ ነበር የተዋዋለው። "በሽተኛ እጭናለሁ አላልኩም" አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ ልጅቷን አይቶ ኋላውን ከፈተ። ሉዋምን ዕቃው መሐል፣ የአይናዲስ ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። በአንድ በኩል አባቷ፣ በሌላው አይናዲስ።

መኪናው ወደ ፒያሳ ሲወጣ ሉዋም ጩኸቷን አቆመች። በቆርቆሮ የታጠረውን፣ ከቆርቆሮው በላይ ባዶ የሆነውን ሰማይ ታያለች። ሱቆቹ የሉም። ሕንፃዎቹ የሉም።

"ፒያሳ የት ሄደ?" አለች።

"ፈረሰ" አለች አይናዲስ።

"ውሸትሽን ነው።"

"እውነቴን ነው፣ ልጄ።"

ሉዋም ወደ አጥሩ ዞረች። "ይሄ የፈረሰው ኮፒው ነው ኦርጅናሉ?"

ተክላይ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ልጅቷ ራሷን የአይናዲስ ጭን ላይ ጣለች። "ለማንም እንዳትሰጪኝ" ትላለች። "እትዬ፣ እንዳትሰጪኝ።"

"አልለይሽም" አለች አይናዲስ።

"እስከ መቼ?"

"እስክትድኚ።"

ሉዋም የታሰሩ እጆቿን የአይናዲስ ነጠላ ውስጥ አስገብታ ጸጥ አለች።

ሆስፒታሉ ተክላይ የሚያውቀው አልነበረም። በሩ ተቀይሯል፣ ግቢው አበባ ተተክሎበታል፣ ዘበኞቹ አያውቁትም። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለቻቸው ዶክተር ጸሎት የምትባል ሠላሳ ያልሞላት ሐኪም ናት። መጀመሪያ ያዘዘችው ገመዱ እንዲፈታ ነው። ቀጥላ ከሉዋም ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አይናዲስ የዚያን ዓይነት ነገር አይታ አታውቅም፤ ራጉኤልን ያስገባች ዕለት የጠየቁት እሷን ነበር፣ እሱን አይደለም።

"ሉዋም፣ ማን ነው ያመጣሽ?"

"እነሱ።"

"አንቺ መምጣት ትፈልጊ ነበር?"

"አይ።"

"እዚህ ሕክምና ብትጀምሪ ምን ይሰማሻል?"

ሉዋም ግራ ገብቷት አይናዲስን አየቻት። እንዲህ ሲሏት ምን እንደሚባል አታውቅም። "ልተኛ እፈልጋለሁ" አለች በመጨረሻ። "ማንም ሳያየኝ።"

ዶክተሯ ጻፈች። የእግሯን ጠባሳ አየች። ወደ ተክላይ ዞረች። "ስንት ጊዜ ታስራለች?"

"ሁለት ዓመት።"

"ሕክምና እንዳለ አላወቁም ነበር?"

"እዚሁ ነው የሠራሁት" አለ። "ሠላሳ አንድ ዓመት።"

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። "ታዲያ ለምን?"

"ስለማውቅ" አለ ተክላይ።

ዶክተሯ አልተቆጣችውም። መተኛት እንዳለባት፣ በቤት የሚሆን እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ስልክ ደወለች፤ ተነስታ ሄደች፤ ሌላ ሰው አነጋገረች። ስትመለስ መልሱ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

"የሴቶች አልጋ ሞልቷል" አለች። "ተራ የሚጠብቁ አሉ። ስሟን አስይዣለሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደውላለን። አሁን መርፌ እንሰጣታለን፣ ትተኛለች። መድኃኒት ይዛ ቤቷ ትቆይ።"

"ቤት የለንም፣ ዶክተር" አለ ተክላይ። "ቤቱ መኪናው ላይ ነው ያለው።"

"አዲስ ቤት አልተሰጣችሁም?"

"አራተኛ ፎቅ። አንድ ክፍል ናት። በረንዳ አላት።" እጁን ከላይ ወደ ታች አወረደ። "በረንዳ አላት፣ ልጄ።"

ዶክተሯ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። "አስተማማኝ የሆነ ሰው ከጎኗ እንዳይጠፋ" አለች። "ቀንም ማታም። ብቻዎን አይችሉትም፤ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አሉ አይደል ዘመድ?" ብላ አይናዲስን አየቻት።

አይናዲስ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ለምን እንደነቀነቀች ራሷም አላወቀችም።

መርፌው በሩብ ሰዓት ውስጥ ያዛት። ተክላይና ኪሮስ ተሸክመው ፍራሹ ላይ መለሷት።

የአይናዲስ አዲስ ቤት ነበር የሚቀርበው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኪሮስ ከአንድ ቀለሙ ያልደረቀ ብሎክ ሥር አቆመ። የማታውቃቸው ሰዎች በረንዳ ላይ ቆመው ያያሉ። ጫኝና አውራጆቹ ብፌውን፣ ጠረጴዛውን፣ የዚፕና የቁልፍ ካርቶኖቿን ወደ ሦስተኛ ፎቅ አመላለሱ። ተክላይ ከልጁ ራስጌ አልተነሳም። ሉዋም አፏን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች፤ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት አትመስልም፤ ደብተር ይዛ ትመጣ የነበረችውን ልጅ ትመስላለች።

ዕቃው ሲያልቅ አይናዲስ ወረደች። መኪናው ላይ የሷ የቀረው ፍራሹ ብቻ ነው።

"ላንሳው፣ እትዬ?" አለ አንዱ።

"ተወው። ትተኛበት።"

ተክላይ ከላይ ሆኖ አያት። ሊለምን አልፈለገም፤ ከዛሬ በፊት ሲለምን አይታው አታውቅም። "ለዛሬ ብቻ አብረሽን ብትመጪ" አለ። "ስትነቃ አንቺን ካየች... ለዛሬ ብቻ።"

አይናዲስ አፏን ከፈተች። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል፣ በረንዳ፤ ሁለት ሳምንት፣ ምናልባትም ሁለት ወር። ልጅቷ ስትነቃ የምትጮኸውን ጩኸት ከአሁኑ ሰማችው። ያንን ጩኸት ከዚህ በፊት በቤቷ ሰምታዋለች።

"ዕቃዬ ተበትኖ..." አለች። "በሩም ቁልፍ አልተገጠመለትም።"

"እውነትሽን ነው" አለ ተክላይ ቶሎ ብሎ። "እውነትሽን ነው። ደክሞሻል።"

"ነገ እመጣለሁ። ብሎክ ስንት ነው?"

ቁጥሩን ነገራት። ጆሮዋ ውስጥ አልገባም፤ ድገምልኝም አላለችም።

ኪሮስ ሞተሩን አስነሳ። አይናዲስ እጇን ከመኪናው ጎን አንስታ ደረጃውን ያዘች። አንደኛ ፎቅ ላይ ሞተሩ ሲያጓራ ሰማች፤ ሁለተኛው ላይ ማርሽ ሲቀየር። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችው፤ ቁልፍ ስለሌለው ወንበር አስደገፈችለት። መስኮቱ ወደ መንገዱ ነበር። አልተጠጋችውም። ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ፣ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።